ከመምህር ጂንሱኬ ማጫወቻ ጋር የሚስማማ ዲስክ

ከኩሬጋዋ መንደር
በጃፓን አቆጣጠር ሄይሴይ 21 ዓመት፣ ሰባተኛ ወር፣ 4 ቀን

በቅድሚያ ለመምህራችን ለአባትዎ ለአቶ ቶቺሃራ ጂንሱኬ፣ ቀጥሎ ለባለቤትዎ ለአቶ ናንጆ ሽጌኪ፣ ከዚያም ለእርስዎ ለወይዘሮ ፉሚዬ እንደየክብራችሁ የአክብሮት ሰላምታዬን አቀርባለሁ። እዚህ ዝናቡ ገና አላባራም። የሩዝ ማሳዎቹ ጠግበዋል፤ እንቁራሪቶቹም ከመንደራችን ሸንጎ በተሻለ ሥርዓት ተራ እየጠበቁ ይናገራሉ። በኮቤ ሙቀቱ እንደ ጀመረ ሰምቻለሁና አባትዎ ውሃ መጠጣት እንዳይዘነጉ አደራ እላለሁ።

ስለ ጭምብሉ ለጠየቁኝ ሳልሸፋፍን መመለስ ይገባኛል። የሰሙት እውነት ነው። መምህሩ ታመው ከመንደሩ ከወጡ ወዲህ የሽማግሌው ውዝዋዜ ሳይቀርብ ሁለት የመከር በዓል አልፏል። በዚህ መከርም ካልቀረበ ጭምብሉ ከመቅደሱ ወጥቶ ለግዛቱ ሙዚየም እንዲሰጥ ሸንጎው ወስኗል። እኔ ከመንደሩ አስተዳዳሪነት ከተሰናበትሁ ቆይቻለሁና በሸንጎው ድምፅ የለኝም፤ የቀረኝ የውዝዋዜው ጥበቃ ማኅበር ሊቀ መንበርነት ብቻ ነው። ያን ውሳኔ የሚያስቀረው ጭምብሉን አጥልቆ የሚወዛወዝ ሰው ነው። ያም ሰው ቢሆን ከመምህሩ «ይሁን» የሚል ቃል ሳያገኝ የጭምብሉን ሳጥን ክር መፍታት አይችልም። ደንቡን እርስዎም ያውቁታል።

የምሥራቹ፣ የሚለማመድ ሰው ተገኝቷል። ማንነቱን በጊዜው እገልጻለሁ፤ ለአሁኑ መምህሩ ስሙን ሳይሆን እግሩን እንዲያዩ እመርጣለሁ። በወረቀት ጭምብል ሲለማመድ በቪዲዮ ካሜራ ቀርጬ በዲቪዲ ዲስክ ልኬያለሁ። መምህሩ አይተው የሚታረመውን ይንገሩን። ከዲስኩ ጋር ያለው ማሰሮ በጨው የተዘፈዘፈ የኡሜ ፍሬ ነው፤ ባለቤቴ ሚትሱዬ ያዘጋጀችው ነው።

ካናሞሪ ሴይጎ


ከኮቤ
ሰባተኛ ወር፣ 11 ቀን

ክቡር አስተዳዳሪ፤

አባቴ «አሁን አስተዳዳሪ አይደለም» እያለ ያርመኛል፤ ምላሴ ግን ሌላ አልለመደም፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ። ሁላችንም ደህና ነን። ኡሜው ደርሶ ተጋምሷል። ዲስኩም ደርሷል፤ እሱ ግን እንደ ኡሜው አልቀናውም።

ማጫወቻው ውስጥ ከትቼው ጥቂት አጉረመረመና ቴሌቪዥኑ ላይ ጽሑፍ ወጣ።

«ምን ይላል?» አለ አባቴ።

«ይህን ዲስክ ማንበብ አልችልም ይላል፣ አባባ።»

«እኔስ ያለ መነጽር መቼ አነባለሁ? ጠርጊውና መልሺ።»

በመነጽሩ ጨርቅ ጠርጌ መለስሁት። ያው ነው። ገልብጬ ከተትሁት። «ተይ፣ ዓሣ እየጠበስሽ አይደለም» አለኝ። ከዚያ እኔን ትቶ ማጫወቻውን ይሰድብ ጀመር።

እንዳይገርምዎ፣ ማጫወቻው አባቴ ከመንደር ሲወጣ ይዞት የመጣው ያው አሮጌው ነው። አዲስ እንግዛልህ ስንለው «ይሄ ምን በደለሽ?» ይላል። ሕመሙ ከጣለው ወዲህ ቀኝ እጁ አይታዘዝለትም፤ በግራ እጁ ደግሞ የሚያውቀው የዚህን ማጫወቻ አንዷን ቁልፍ ነው። በኮምፒውተር እናሳየው እንዳይሉ፣ ቤት ያለው የባለቤቴ መሥሪያ ቤት ንብረት ነው፤ የግል ነገር አይከተትበትም። ስለዚህ ከዚህ ግትር ማጫወቻ ጋር የሚስማማ ዲስክ መሥራት ግድ ሊሆንብዎ ነው። ከካሜራው ያወጡት እንዴት አድርገው ይሆን?

ፉሚዬ


ከኩሬጋዋ
ሰባተኛ ወር፣ 19 ቀን

ለመምህሩ፣ ለአቶ ሽጌኪና ለእርስዎ ሰላምታዬ ይድረስ። ስላደረስሁት መጉላላት ከልብ አዝናለሁ።

እንደ ጠረጠሩት ነው። በካሜራው ውስጥ ያገኘሁትን ፋይል ሳልነካካ እንዳለ ወደ ዲስኩ ገልብጬ ነበር። ሰነድ በሚላክበት ልማድ፣ ዋናውን እንዳለ መላክ ታማኝነት መስሎኝ ነው። ለካስ የካሜራዬ ፋይል አዲስ ዓይነት ነው፤ የመምህሩ ማጫወቻ ግን አንድ የቀድሞ ዓይነት እንጂ ሌላ አያውቅም። በአንድ አገር ተሠርተው እንዲህ አለመተዋወቃቸው በአንድ ወንዝ ውሃ የሚጣሉትን ሁለቱን ጎረቤት መንደሮች አስታወሰኝ። እነዚያን ለማስታረቅ ዓመታት ፈጅቶብኛል።

ፋይሉን ከአንዱ ዓይነት ወደ ሌላው የሚለውጥ ፕሮግራም ኮምፒውተሬ ላይ ጫንሁ። ማለዳ ሥራውን ጀመረ፤ ወደ ምሽቱ ሊጨርስ ጥቂት ሲቀረው ቆመና «ያልታወቀ ስህተት ተፈጥሯል» አለኝ። እንደ ገና አስጀመርሁት፤ እዚያው ቦታ ደርሶ ያንኑ ደገመልኝ። በሥራ ዘመኔ ብዙ ሪፖርት አንብቤያለሁ፤ ስህተት አለ፣ ምን እንደሆነ ግን አላውቅም ብሎ ፈርሞ ያመጣልኝ ሠራተኛ ግን አልገጠመኝም።

ሚትሱዬ ከማድ ቤት፣ «አንተ ሰውዬ፣ ድልድዩን ስታሠራ እንኳ እንዲህ አልተነጫነጭህም» አለችኝ።

«ድልድዩ ስናገር ይሰማኝ ነበር» አልኋት።

«ድልድዩ ሳይሆን መሐንዲሱ ነው የሚሰማህ። ለዚህም መሐንዲስ ፈልግለት።»

በመንደራችን እንዲህ ያለ መሐንዲስ የለም። ቢሆንም ሌላ ፕሮግራም ሞክሬ እስከ ፍጻሜው ሄዷል፤ ውጤቱን ከዚህ ጋር ልኬያለሁ። በኮምፒውተሬ ላይ እግሩም ከበሮውም አለ። ይህ እንደሚሠራ ሙሉ ተስፋ አለኝ።

ካናሞሪ ሴይጎ


ከኮቤ
ሰባተኛ ወር፣ 27 ቀን

ክቡር አስተዳዳሪ፤

ይህን ደብዳቤ ለመጻፍ ሁለት ቀን አመንትቻለሁ። ያመነታሁበትን በኋላ እነግርዎታለሁ፤ በመጀመሪያ ደስ የሚለውን ልንገርዎ። ዲስኩ ተነበበ፣ ሥዕልም መጣ።

ሥዕሉ ግን ከጎንና ጎን ተጨምቆ ወደ ላይ ተለጥጦ ነበር። ተወዛዋዡ ቁመቱ ከጣሪያው ሊደርስ ምንም አልቀረው፤ ወገቡ ደግሞ ከእጄ አንጓ ይቀጥናል። አባቴ አንገቱን አሰገገ።

«ይሄ ሰው ነው ወይስ ከድስት የወጣ የሶባ ፓስታ?»

«ሰው ነው፣ አባባ። ሥዕሉ ነው የተበላሸው።»

«እሺ ሶባው ይሁን። ከበሮው የታለ?»

ከበሮው አልነበረም። ድምፁን ከፍ አደረግሁ፣ ሽቦውን ነቅዬ ሰካሁ፣ የቴሌቪዥኑን ጆሮ በመዳፌ መታሁ። አንዳች የለም።

«ያለ ከበሮ የሚወዛወዝ ሰው መሬት ላይ የወደቀ ዓሣ ነው» አለ። «እኔ ዓሣ አላርምም። አጥፊው።»

ያመነታሁት ለዚህ ነው። ከዚያ ቀን ወዲህ ማጫወቻውን በጨርቅ ሸፍኖታል፤ ስለ ውዝዋዜው ሳነሣበትም ጆሮው የማይሰማ ይሆናል። እንግዲህ የሚቀጥለው ሲመጣ ለእሱ ሳልነግር ብቻዬን እሞክረዋለሁ፤ መሥራቱን ሳላይ አላሳየውም። ሦስተኛ ጊዜ ከተበሳጨ ጭምብሉን ራሱ ለሙዚየም ጠቅልሉት የሚል ይመስለኛል።

አንድ ነገር ልጠይቅዎ። አባቴ ገላውን ሲታጠብ ብቻዬን ደግሜ አየሁት። እንደዚያ ተለጥጦም እንኳ ተወዛዋዡ ዝቅ ሲል ጉልበቱን ይዞ እንደ ነበር ለይቻለሁ። ደህና ነው? ወጣት አልመሰለኝም።

ፉሚዬ


ከኩሬጋዋ
ስምንተኛ ወር፣ 6 ቀን

በሙቀቱ መካከል ለመምህሩ፣ ለአቶ ሽጌኪና ለእርስዎ ጤና እመኛለሁ። መምህሩን ስለ ዓሣ እስኪናገሩ ድረስ ስላስቆጣኋቸው በዝቅታ ይቅርታ እጠይቃለሁ። ስለ ተለማማጁ ጉልበት በማሰብዎ እርሱም ምስጋናውን ያቀርባል። ሐኪም አይቶታል። ስለ ዕድሜው አሁንም በጊዜው ብዬ ባልፍ አይቀየሙኝ።

የሥዕሉ መለጠጥ ምክንያቱ ካሜራዬ ለሰፊ ቴሌቪዥን የሚቀርጽ፣ የእርስዎ ቴሌቪዥን ደግሞ የቀድሞው ጠባብ በመሆኑ ነው። ድምፁ የጠፋው ፕሮግራሙ ሥዕሉን ማጫወቻው በሚያውቀው ዓይነት ሲጽፍ ድምፁን በማያውቀው ዓይነት ስለ ጻፈው ነው። እነዚህን ሁለት ዓረፍተ ነገሮች ለመጻፍ ያሳለፍሁትን መከራ ባልዘረዝረው ይሻላል። ድምፁን ሳቃናው ሥዕሉ ከድምፁ ወደ ኋላ ይቀራል፤ እግሩ መሬት ሳይነካ ከበሮው ይመታል። ሥዕሉን ሳቃናው ፋይሉ ለዲስኩ ይበዛል። አሳንሼ ሳስገባው የተወዛዋዡ እግር ይደበዝዛል፤ መምህሩ የሚያዩት ደግሞ እግሩን ነው። ሚትሱዬ ከአንደበቴ ሰምታው የማታውቀውን ቃል ሰምታለች፤ ለእርስዎም እነግራለሁ እያለች ትዝትብኛለች።

በመጨረሻ ኮምፒውተሩን አጥፍቼ ሌላ መንገድ ያዝሁ። ከቴሌቪዥናችን ሥር ከቴሌቪዥንና ከካሜራ በቀጥታ ወደ ዲቪዲ የሚቀርጽ መሣሪያ አለን። ካሜራውን በቀይ፣ በነጭና በቢጫ ሽቦ ከእርሱ ጋር አገናኝቼ፣ ካሜራው ሲያሳይ መሣሪያው እየሰማና እያየ እንዲጽፍ አደረግሁ። ፋይል የሚባል ነገር በመካከላችን አልገባም። በዚያው መሣሪያ ስናየው ሰውየው ልክ ሰው ያህላል፣ ከበሮውም ከእግሩ ጋር ይወድቃል። ለጥንቃቄ ሁለት ቅጂ ልኬያለሁ።

ካናሞሪ ሴይጎ


ከኩሬጋዋ
ስምንተኛ ወር፣ 20 ቀን

ለመምህሩ፣ ለአቶ ሽጌኪና ለእርስዎ የአክብሮት ሰላምታ አቀርባለሁ። የሙታን መታሰቢያ ሰሞን አልፎ እንግዶቻችንን ሸኘን። ደብዳቤዎ የደረሰኝ የበዓሉን ፋኖስ ሳወርድ ነው።

ሁለቱም ዲስኮች አልሠሩም? ማጫወቻው «ዲስክ አልገባም» ይላል ብለው ጽፈዋል። ማንበብ አልችልም ቢል እረዳው ነበር፤ በሆዱ ውስጥ የተቀመጠውን እንዴት የለም ይላል? በመሣሪያዬ ላይ ሌላ ቅጂ አስገብቼ አየሁ፤ ይጫወታል። አወጣሁት፣ መለስሁት፤ ይጫወታል። ወይዘሮ ፉሚዬ፣ ዘመኔን ሁሉ በትዕግሥቴ ስመሰገን ኖሬያለሁ፤ ዛሬ ጧት ግን ያን ዲስክ ወደ ሩዝ ማሳው ወርውሬዋለሁ። ሽመላዎቹ ስለ ሸሹ ኋላ ሄጄ አነሣሁት።

መሣሪያው ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ የሚጠይቀኝንና የምመልስለትን ሁሉ አንድም ሳላስቀር እንድጽፍልዎ ጠይቀዋል። ይኸው። ከየት ልቅረጽ ይላል፤ ከካሜራው እላለሁ። በምን ጥራት ይላል፤ በላቀው እላለሁ። ርእስ ይጠይቃል፤ «የሽማግሌው ውዝዋዜ፣ ለመምህር ቶቺሃራ እርማት የቀረበ» ብዬ እጽፋለሁ። ቀረጻው ሲያልቅ የመጨረሻ ጥያቄ አለው፦ «ይህን ዲስክ ልዝጋው? ከተዘጋ በኋላ ምንም ሊጨመርበት አይችልም» ይላል። አትዝጋው እላለሁ።

ይህን ያደረግሁበት ምክንያት ግልጽ ነው። የመጨረሻው ቃል የመምህሩ ነው። እርማታቸውን ሊያስቀርጹበት ቢፈልጉ ብዬ የዲስኩን እኩሌታ ባዶ ትቼላቸዋለሁ። በሸንጎ በኖርሁበት ዘመን ሁሉ አንጋፋው ሳይናገር ቃለ ጉባኤ ዘግቼ አላውቅም፤ መምህሩ ገና ያላዩትን ነገር እኔ ታናሻቸው ዘግቼ፣ ምንም ሊጨመርበት እንዳይችል አድርጌ እንዴት እልካለሁ? ይህ ከችግሩ ጋር ግንኙነት ያለው አይመስለኝም፤ ሁሉን ጻፍ ስላሉኝ ነው።

ሸንጎው በዘጠነኛው ወር መጨረሻ ይሰበሰባል። እስከዚያ የመምህሩ ቃል ካልደረሰኝ፣ በሸንጎው ፊት ቆሜ አልተሳካልንም እላለሁ። ጭምብሉንም ራሴ ወደ ሙዚየሙ አደርሳለሁ፤ በማያውቁት ሰው እጅ እንዲሄድ አልፈቅድም።

ካናሞሪ ሴይጎ


ከኮቤ
ስምንተኛ ወር፣ 24 ቀን

ክቡር አስተዳዳሪ፤

ደብዳቤዎን ቆሜ ማንበብ ጀምሬ የማድ ቤቱ ወለል ላይ ተቀምጬ ጨረስሁት። በመሳቄ ይቅርታ። ከዚያ ደግሞ ልቤ ተነካ፤ ለዚያ ይቅርታ አልጠይቅም።

ችግሩ እሱ ራሱ ነው። የባለቤቴ እህት የእርስዎን ዓይነት መሣሪያ ስላላት መመሪያውን ሄጄ አገላብጬዋለሁ፦ ያልተዘጋ ዲስክ የሚታየው ለጻፈው መሣሪያ ብቻ ነው። ለሌላው ማጫወቻ ምንም እንዳልተጻፈበት ነው የሚቆጠረው። እርስዎ ቤት ያለ ችግር የሚጫወተው፣ እዚህ የለም የሚባለው ለዚህ ነው።

እንግዲህ መዝጋት አለብዎ። ግን ያን ከጻፉልኝ በኋላ አባቴን ሳላስፈቅድ ይዝጉት ማለት ከበደኝ። ሻይ ይዤለት ገባሁ።

«አባባ፣ አስተዳዳሪው ዲስኩን ሳይዘጉ የሚልኩት አንተን አክብረው ነው።»

«የምን መዝጋት?»

«አንተ የመጨረሻውን ቃል ሳትናገር መዝጋት ነውር ነው ብለው ነው። የምትጨምርበት ባዶ ቦታም ትተውልሃል።»

ሻዩን እስከ ግማሹ ጠጣ።

«ስንት ዲስክ ነው እንዲህ የላከው?»

«ሁለት። አንተ አላየሃቸውም፤ ደብቄህ ነው።»

«አውቃለሁ። ጨርቁን ስታነሺ እሰማሻለሁ፤ እጅሽ እንደ እናትሽ ከባድ ነው።» ሲኒውን አስቀመጠና፣ «ያ ሰውዬ ድሮም እንዲህ ነው። ስብሰባ ሲከፍት ሰላምታው ብቻ ሻይ ያስበርዳል» አለ።

«እና ምን ብዬ ልጻፍላቸው?»

«ዝጋው በይው። ያላየሁት ነገር ላይ ምን እጨምራለሁ? ካየሁ በኋላ የምጨምረው በአፌ ነው፤ አፌን ደግሞ የማንም መሣሪያ አይዘጋውም።»

ይህን ብሎ ጨርቁን ከማጫወቻው ላይ በግራ እጁ ገፈፈው። እባክዎ ቶሎ ይላኩት።

ፉሚዬ


ከኮቤ
ዘጠነኛ ወር፣ 6 ቀን

ክቡር አስተዳዳሪ፤

ተጫወተ። ሥዕሉ ልክ ነው፣ ከበሮው አለ።

አባቴ ከመጀመሪያው የከበሮ ምት በፊት አስቆመኝ። «መልሺ» አለ። መለስሁ። በወረቀት ጭምብል የተሸፈነው ሰው ወደ መለማመጃው መጋዘን መሐል ገብቶ፣ ወደ ቀኝ ዝቅ ብሎ፣ ወደ ግራ ትንሽ ቀለል አድርጎ፣ ከዚያ ወደ በሩ አንገቱን ብቻ ሰበር አድርጎ እጅ ነሣ። መጋዘኑ ውስጥ ሰው የለም። ባዶ ወንበሮች ናቸው።

«ፉሚዬ፣ በዚያ መንደር ለባዶ ወንበር እንደየማዕረጉ እጅ የሚነሣ ሰው አንድ ነው» አለ። «ሴይጎ ነው።»

ስምዎን ስለ ደበቁኝ ተቀይሜያለሁ፤ ኋላ እንነጋገርበታለን። አባቴ ግን ነገረኝ። በአሥራ ዘጠኝ ዓመትዎ ከውዝዋዜው ቡድን ያስወጣዎ እሱ ነው አሉ። «እግርህ ለመሥሪያ ቤት ነው የተፈጠረው አልሁት» አለኝ። «ሰምቶኝ ሄደ፣ አስተዳዳሪ ሆነ። ምክሬን ልክ የሰማ እሱ ብቻ ነው።»

«ስለዚህ አይሆንም ልትላቸው ነው?» አልሁ።

«ዝም ብለሽ እይ።»

እስከ መጨረሻው አየነው። ቁልፏን ራሱ ተጭኖ እንደ ገና ከመጀመሪያው አስጀመረው። ያለውን እንዳለ እጽፍልዎታለሁ፤ ጻፊ ብሎኛል።

«ሃምሳ ዓመት ሙሉ ሽማግሌ መስዬ ተወዛወዝሁ። ዝቅ ስል የሚያመኝ መስዬ፣ ስነሣ መሬቱን የምለማመጥ መስዬ። ሰዉ ያጨበጭብልኝ የነበረው ለዚያ ማስመሰል ነው። ይሄ ሰውዬ አያስመስልም፤ ያመዋል። ዕድሜዬን በሙሉ ስፈልገው የኖርሁትን አነሣስ እሱ ሳይፈልገው አገኘው። ተናድጃለሁ።»

ከዚያ እርማቱ። ሦስተኛው መዞር ላይ አውቶቡስ እንዳመለጠው ሰው ይቸኩላሉ። ከበሮውን የምትመታው ሚትሱዬ ናት፣ አመታቷ የአባቷ እጅ ነው፤ ከእሷ ኋላ ይሂዱ እንጂ አይቅደሟት። ባዶ ወንበር ደግሞ ሰላም አይባልም።

«ሌላስ?» አልሁት።

«ይሁን» አለ። «ሳጥኑን ይፍታ።»

ፉሚዬ


ከኩሬጋዋ
አሥራ አንደኛ ወር፣ 5 ቀን

በቅድሚያ ለመምህሬ ለአቶ ቶቺሃራ ጂንሱኬ፣ ቀጥሎ ለአቶ ናንጆ ሽጌኪ፣ ከዚያም ለእርስዎ ለወይዘሮ ፉሚዬ በዚህ በቀዘቀዘ ጧት ሰላምታዬን አቀርባለሁ። መምህሬ ብዬ ከጻፍሁ ሃምሳ ዓመት ግድም አልፎኛል፤ እጄ እንግዳ ሆኖበታል።

ስለ ጉልበቴ ለጠየቁኝ፤ አልተሰበረም። አሁን የምጽፍልዎ እግሬን ሚትሱዬ ባሞቀችው ጨርቅ ጠቅልዬ ነው። የመከሩ በዓል አልፏል። ሸንጎው ውሳኔውን ሽሯል፤ ጭምብሉም በመቅደሱ ውስጥ ነው። ስሜን ስለ ደበቅሁዎ ይቅር ይበሉኝ። መምህሩ ስሜን አስቀድመው ቢሰሙ እግሬን አያዩም ብዬ ሰጋሁ፤ ስጋቴ ልክ እንደ ነበረ እርሳቸውም የሚክዱ አይመስለኝም።

ሌላ ሰው ሳይነግራቸው ከእኔ ይስሙ፦ ሦስተኛው መዞር ላይ ቸኩያለሁ። ሚትሱዬ በከበሮዋ ጠብቃ መለሰችኝ። ወደ ቤት ስንገባ፣ «አውቶቡሱን ደረስህበት?» አለችኝ፤ እስካሁን አላባራችም። ከምቱ በፊት ወደ ቤታችሁ ደውላ ስልኩን እንደ ተከፈተ ከበሮው አጠገብ ማስቀመጧንም ያን ጊዜ ነው የነገረችኝ። መምህሩ ሲሰሙ ምን እንዳሉ እባክዎ አይጻፉልኝ።

የበዓሉን ዲስክ እንድልክልዎ ጠይቀዋል። አልልክም፤ የለምና። በዚህ መንደር ካሜራ የሚይዘው እኔ ነኝ፣ በልምምዱ አንድ ቦታ አቁሜው ነበር፤ በበዓሉ ዕለት ግን እኔ ጭምብሉ ውስጥ ነበርሁ። የሚቀርጽ ሰው እንደሚያስፈልግ ያሰበ አንድም ሰው አልነበረም። ስለዚህ በሚመጣው እሑድ ከሚትሱዬና ከከበሮዋ ጋር በጧቱ ባቡር ወደ ኮቤ እንመጣለን። የሳሎናችሁን ጠረጴዛ ወደ ግድግዳ ገፋ አድርጋችሁ ብትጠብቁን በቂ ነው። ጎረቤቶቻችሁንም ስለ ጫጫታው አስቀድሞ ይቅርታ መጠየቅ ሳይሻል አይቀርም።

ለመምህሬ ስለ ሰጡኝ ቃል፣ ለአቶ ሽጌኪ በቤታቸው ስለ ተደረገው ሙከራ ሁሉ ስላሳዩት ትዕግሥት፣ ለእርስዎ ደግሞ በየደብዳቤው ሳይሰለቹ ስለ ጠየቁኝ ከልብ የመነጨ ምስጋና አቀርባለሁ። ለመምህሬ ቀኝ እጅ ብርታትን፣ ለቤታችሁ ሰላምን፣ ከእኔ በኋላ ጭምብሉን ለሚረከበው፣ ገና ላላወቅነው ሰው ደግሞ ጤነኛ ጉልበትና የተቃና ፍጻሜ እመኛለሁ።

ካናሞሪ ሴይጎ